ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት የሚወሰነው



የአካባቢ ምርጫ ውጤት በምን ይወሰናል? ለዚህ ጥያቄ አዲስ አበባ ግልጽ ምሳሌ ትሰጣለች። በግንቦት 1997 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ ቅንጅት ከከተማው ምክር ቤት 138 መቀመጫዎች 137ቱን አሸነፈ። በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ደግሞ ኢሕአዴግ ከእነዚያው 138 መቀመጫዎች 137ቱን ወሰደ። በሁለቱ ምርጫዎች መካከል ሦስት ዓመት እንኳ አልሞላም። ሕዝቡ ያው ሕዝብ፣ ሰፈሩም ያው ሰፈር ነበር። ታዲያ ምን ተለወጠ?

የመራጩ ልብ ብቻ ተለወጠ ማለት አያስኬድም። ከሁሉ አስቀድሞ የተለወጠው ተወዳዳሪው ነው። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የቅንጅት ተመራጮች የከተማውን አስተዳደር አልተረከቡም፤ ለከንቲባነት የታጩት ዶክተር ብርሃኑ ነጋን ጨምሮ መሪዎቹ ታስረው እስከ 1999 ዓ.ም. በቃሊቲ ወህኒ ቤት ቆዩ። ፓርቲውም ተከፋፈለ። በድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ ያልሰፈረ ሰው ደግሞ፣ የቱንም ያህል ቢወደድ፣ አይመረጥም።

ሁለተኛው ነገር የአቆጣጠሩ ሥርዓት ነው። በአብላጫ ድምፅ ሕግ ከተወዳዳሪዎቹ ብልጫ ያገኘው መቀመጫውን ይወስዳል፤ ለሌሎቹ የተሰጠው ድምፅ ምንም ያህል ቢበዛ ወንበር አያስገኝም። በ1997ም ሆነ በ2000 ዓ.ም. ምክር ቤቱ አንድ መልክ የያዘው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው የድርጅት አቅም ነው። በ2000 ዓ.ም. የአንድ ቀበሌ ምክር ቤት አባላት ቁጥር እስከ 300 እንዲደርስ ተደርጎ ነበር። ይህን ያህል ዕጩ በየቀበሌው ማቅረብ የሚችለው መዋቅሩን እስከ ታች የዘረጋ ፓርቲ ብቻ ነው። በዚያም ላይ ቀበሌ በዚያን ጊዜ ለነዋሪው ሩቅ መንግሥት አልነበረም፤ መታወቂያ የሚሰጠው፣ ከ1967ቱ አዋጅ ወዲህም ቤት የሚያከራየው እርሱ ነበር። ተከራይ በአከራዩ ላይ ድምፅ ሲሰጥ ሁለት ጊዜ ማሰቡ አይቀርም።

አራተኛው የመራጮች መዝገብና ወሰን ነው፤ በዚህ ረገድ አቃቂ ቃሊቲ ሰፊ ትምህርት ይሰጣል። በአንድ ክፍለ ከተማ ውስጥ የፋብሪካ ሠራተኛ፣ መሬቱ ለግንባታ የተወሰደበት ገበሬና ከመሀል ከተማ የመጣ የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ጎን ለጎን ይኖራሉ። ሕጉ መራጩ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር የኖረ እንዲሆን ያዛል፤ ስለዚህ የቤት ዕጣ ሲወጣ የሚዛወረው ጓዝ ብቻ ሳይሆን ድምፅም ነው። ወሰን ሲከለልም እንደዚሁ ነው። ኮዬ ፈጬ በ2014 ዓ.ም. የወሰን ስምምነት ወደ ኦሮሚያ ሲካለል፣ ነዋሪው ከቤቱ ሳይንቀሳቀስ የሚመርጠው ምክር ቤት ሌላ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ የታየውም ከዚህ የራቀ አይደለም። በ2005 ዓ.ም. 33 የተቃዋሚ ፓርቲዎች ከአካባቢው ምርጫ ራሳቸውን አገለሉ፤ 138ቱም መቀመጫዎች የኢሕአዴግ ሆኑ። በ2010 ዓ.ም. ይደረግ የነበረው የአካባቢ ምርጫ ተላለፈ። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ 138ቱንም ብልጽግና አሸነፈ።

እንግዲህ የምርጫን ውጤት የሚመረምር ባለሙያ የድምፅ ቆጠራውን ብቻ ቢያይ ዘግይቶ ደርሷል። ማን ለመወዳደር ቻለ? ማን ተመዘገበ? ወሰኑ የት ላይ ተሰመረ? ብሎ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባዋል። በአቃቂ ወንዝ ዳር የሚኖረው ሰው የፋብሪካው ፍሳሽ ያስመርረዋል፤ ገበሬው ስለ ካሣው፣ አዲሱ ነዋሪ ስለ ውኃና ስለ መንገድ ይጨነቃል። ሁሉም በአንድ ቀን ተሰልፈው ይመርጣሉ። ይሁን እንጂ በምክር ቤቱ ውስጥ የሚከራከርላቸው ሰው መኖር አለመኖሩ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሰልፉ ከመጀመሩ በፊት ተወስኖ ያድራል።