ገበያ ሌላ፥ ጓሮ ሌላ

(በሬድዮ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ በአገራችን አዲስ የሆነ አንድ የሥራ ዐይነት ነው። ይኸውም ዘፈን፥ መዝሙር፥ ቀልድ፥ ትምህርት ወይም ወሬ እያዘጋጁ በኢንተርኔት ለሕዝብ የሚያቀርቡ ሰዎች ሥራ ነው። ከእናንተ መካከል ልጁ ወይም ወንድሙ ይህን ሥራ የያዘ ብዙ ሰው አለ፤ ከመሥሪያ ቤት ሲወጣ ራሱ በቴሌግራም የሚጽፍ፥ በዩቲዩብም የሚናገር አይጠፋም። ሥራው የተከበረ ነው። ነገር ግን አብዛኛው በሰው መሬት ላይ የቆመ ስለ ሆነ፥ ባለሥራው ራሱን የሚያድንበትን መንገድ አስቀድሞ ማወቅ ይገባዋል።

ነገሩን በምሳሌ እናስረዳ። በሀዲያ ዞን የአንሌሞ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው በፎንቆ ከተማ አንድ ወጣት አለ እንበል። ይህ ወጣት የአተካናን አሠራር፥ የያሆዴን በዓል አከባበር፥ የሽማግሌዎችንም ተረት በሀዲይኛ እየቀረጸ በዩቲዩብና በቲክቶክ ያሳያል። የሚመለከቱት የፎንቆና የሆሳዕና ሰዎች ብቻ አይደሉም። ከሆሳዕናና ከዱራሜ አካባቢ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሄዱ ብዙ ወገኖቻችንም በዚያ ሆነው የአገራቸውን ቋንቋ በዚህ መንገድ ይሰማሉ። ስለዚህ ልጁ የያዘው ሥራ ቀላል አይደለም፤ የናፍቆት ማስታገሻ ነው፥ የቋንቋም መጠበቂያ ነው።

እንግዲህ እንጠይቀው። ከነዚህ ሁሉ ተመልካቾች የዐሥሩን እንኳ ስልክ ቁጥር ያውቃልን? አያውቅም። የቀረጸው ሁሉ ዋናው ቅጂ በእጁ አለን? የለም፤ ስልኩ በሞላ ቁጥር እየደመሰሰው ሄዷል። ገጹ ነገ ቢዘጋ አቤት የሚልበት ደጅ ያውቃልን? ደጁ ከባሕር ማዶ ነው፤ መልስ የሚሰጠውም ብዙውን ጊዜ ሰው ሳይሆን መኪና ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል። የተከታይ ብዛት በገጹ ላይ ተጽፎ ቢታይም፥ መዝገቡ የኩባንያው እንጂ የልጁ አይደለም።

ይህ ከንቱ ስጋት እንዳይመስላችሁ በዐይናችን ያየነውን እናስታውስ። ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግሥት፥ ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቷል። ዳግመኛም ከየካቲት 2 ቀን 2015 ዓ.ም. አንሥቶ ፌስቡክ፥ ቴሌግራም፥ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተገድበው እስከ ሐምሌ ድረስ አምስት ወር ያህል ቆይተዋል። በነዚህ ሁለት ጊዜያት መካከል ያለውን ልዩነት ልብ በሉ። በ2012 የተዘጋው መንገዱ ሁሉ ነበር። በ2015 ግን ሌሎች ድረ ገጾችና ኢሜይል ይሠሩ ስለ ነበር፥ የራሱ ድረ ገጽና የአንባቢዎቹ አድራሻ የነበረው ሰው ሥራውን ሊቀጥል ይችል ነበር። በገጽ ብቻ የሚተዳደረው ግን ወይ በቪፒኤን ማለፊያ መፈለግ ነበረበት፥ ወይ እጁን አጣጥፎ መጠበቅ ነበረበት።

መዝጊያው ከመንግሥት ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ ከኩባንያዎቹም ይመጣል። ቫይን የተባለው የአጫጭር ፊልም መድረክ ስንቱን ወጣት ዝነኛ ካደረገ በኋላ እ.ኤ.አ. በጥር 2017 ተዘግቷል። ማይስፔስ የተባለው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 እንደ ታወቀው፥ ዕቃውን ከአንድ ማከማቻ ወደ ሌላ ሲያዛውር የዐሥራ ሁለት ዓመት ሙዚቃ ጠፍቶበታል፤ የጠፋው 50 ሚሊዮን ያህል ዘፈን ነው ተብሏል። ሕግ መለወጥም አለ። ዩቲዩብ እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ባወጣው ደንብ 1,000 ተመዝጋቢና በዓመት ውስጥ 4,000 የመታያ ሰዓት የሌለው ሰው ከማስታወቂያ ገቢ እንዳይካፈል ሲያደርግ፥ ትንንሾቹ ባለሥራዎች ያለ አንዳች ጥፋት ገቢያቸው ተቋረጠ። በዚያው ወር ፌስቡክ ከድርጅቶች ገጽ ይልቅ የወዳጅና የቤተ ሰብን ጽሑፍ እንደሚያስቀድም አስታወቀ፤ ከዚህም የተነሣ ብዙ ገጾች ተከታዮቻቸው ሳይጎድሉ አንባቢያቸው ጎደለ።

ችግሩ በመሠረቱ ከኢንተርኔት ጋር የመጣ አይደለም። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣ ድንጋጌ የሙዚቃ ሸክላ የማሳተምን መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሰጥቶ ነበር። ዘፋኙ ድምፁ የራሱ ቢሆንም በሩ አንድ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 አቶ አምሃ እሸቴ የተባሉ የሙዚቃ ቤት ባለቤት አምሃ ሪከርድስን አቋቁመው፥ ሸክላውን ውጭ አገር እያሳተሙ ሁለተኛ በር ከፈቱ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ100 በላይ ሸክላዎች ወጡ። ከዚያም ዘመን ተለውጦ ማሳተሚያው ቢዘጋም፥ ዋናዎቹ ቅጂዎች ስለ ተጠበቁ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ኢትዮፒክስ በተባለው ተከታታይ አልበም ፈረንሳይ አገር እንደገና ታትመው ዓለም ሰማቸው። ከዚህ ታሪክ ሁለት ትምህርት እናገኛለን፤ በር ሁለት ይሁን፥ ዋናውም ቅጂ ይቀመጥ።

የሀዲያና የከምባታ ገበሬ ይህን ጥበብ በራሱ መንገድ ያውቀዋል። ስንዴውን ገበያ አውጥቶ ይሸጣል፤ እንሰቱን ግን ከቤቱ ጓሮ ይተክላል። እንሰት እስኪደርስ ዓመታት ይወስዳል፤ ከደረሰ በኋላ ግን ቆጮው በጉድጓድ ተቀብሮ ይቆያል፥ ገበያው ቢከፋም ቤተ ሰቡን ያቆያል። ገበያ መውጣቱን የሚተው የለም፤ ጓሮውን ባዶ የሚተውም የለም። በኢንተርኔት የሚሠራ ሰውም ማኅበራዊ ሚዲያውን እንደ ገበያ ይያዘው፥ ለራሱም ጓሮ ያብጅ። ጓሮውም በአራት ነገር ይበጃል።

1ኛ፤ ዋናውን ቅጂ ማስቀመጥ ነው። እያንዳንዱ ሥራ በሦስት ቅጂ ይቀመጥ፤ አንዱ በኮምፒዩተር፥ አንዱ በሀርድ ዲስክ፥ አንዱም ከቤት ውጭ በሌላ ዘመድ ዘንድ። ከዚህ ቀደም ወደ ገጽ የወጣውን ፌስቡክም ሆነ ጉግል ባለቤቱ አውርዶ እንዲይዝ ይፈቅዳሉና ዛሬውኑ ይወረድ። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የፈጠራ ሥራ መብት ሳይመዘገብም የሥራው አመንጪ ነው፤ ይሁን እንጂ ሥራው ራሱ ከጠፋ የመብቱ ወረቀት ምን ይረባል?

2ኛ፤ የተመልካቾችን አድራሻ መያዝ ነው። ፈቃደኛ የሆነ ሰው ስልኩን ወይም ኢሜይሉን እንዲሰጥ በየጊዜው መጠየቅ፥ የሰጠውንም በመዝገብ ማስፈር ይገባል። መቶ ሺህ ስማቸው ከማይታወቅ ተከታዮች ይልቅ አምስት መቶ አድራሻቸው የታወቀ ሰዎች ለክፉ ቀን ይበልጣሉ። ነገር ግን የሰው አድራሻ አደራ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷልና፥ ያለ ፈቃድ መሰብሰብና ለሌላ አሳልፎ መስጠት ከነውርነቱ ሌላ በሕግ ያስጠይቃል።

3ኛ፤ የራስ ስምና የራስ ድረ ገጽ ማበጀት ነው። ዶሜይን የሚባለው የድረ ገጽ ስም በየዓመቱ የሚከፈልበት ቢሆንም፥ ጥቅሙ ማከማቻው ባይመች ስሙን ይዞ ወደ ሌላ ማዛወር መቻሉ ነው፤ የዩቲዩብ ገጽ ግን እንዲህ አይጓዝም። ሥራው መጀመሪያ በራስ ድረ ገጽ ይውጣ፥ ቀጥሎ ቅንጫቢው በየገጹ ተበትኖ ሰውን ወደ ቤቱ ይጥራ።

4ኛ፤ ገቢውን ከአንድ ምንጭ ማላቀቅ ነው። የማስታወቂያ ገቢ ኩባንያው ቆጥሮ፥ ኩባንያው ተምኖ የሚሰጠው ነው። በአንጻሩ ቴሌብር ከግንቦት 2013፥ ኤምፔሳም ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን ስለሚሠሩ፥ ወዳጅ በቀጥታ ለባለሥራው መክፈል ይችላል። ሁለት መቶ ሰዎች በወር ኀምሳ ኀምሳ ብር ቢሰጡ ዐሥር ሺህ ብር ይሆናል። ሠርግ መቅረጽ፥ ለከተማው ነጋዴ ማስታወቂያ መሥራት፥ ሙያውን ለሌላው ማስተማርም አለ። እነዚህ ሁሉ በአልጎሪዝም መለዋወጥ አይነኩም።

በ2012 እንደ ሆነው መንገዱ ሁሉ የተዘጋ እንደ ሆነ ደግሞ ድረ ገጹም አይረዳም። ለዚያ ቀን የሚያገለግለው በእጅ የሚያዝ ነገር ነው፤ በፍላሽ የሚተላለፍ ፊልም፥ የታተመ ትንሽ መጽሐፍ፥ በአካባቢው ሬድዮ የሚሰማ ዝግጅት። የፎንቆው ልጅ የቀረጻቸውን ተረቶች አሳትሞ ለትምህርት ቤቶች ቢያቀርብ፥ ሥራው ኤሌክትሪክ በጠፋበት ማታም ይነበባል።

እናንተ የመንግሥት ሠራተኞች ሆይ፤ ይህ ምክር ለወጣቶች ብቻ አይደለም። ዛሬ ማስታወቂያውን፥ የቅጥር ጥሪውን፥ የጨረታውን ውጤት በፌስቡክ ወይም በቴሌግራም ገጽ ብቻ የሚያወጣ መሥሪያ ቤት አለ። ጥሪው ያልታየው ሥራ ፈላጊ ቀኑ ያልፍበታል፤ ገጹ ሲገደብም ባለጉዳዩ በየበሩ ይንከራተታል። የገጹም የይለፍ ቃል በአንድ ሠራተኛ የግል ስልክ ውስጥ ይሆንና፥ ሠራተኛው ሲዛወር ገጹ ባለቤት ያጣል። ስለዚህ ማንኛውም ማስታወቂያ አስቀድሞ በመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽና በግድግዳው ሰሌዳ ላይ ይውጣ፤ የይለፍ ቃሉም እንደ ማኅተም በርክክብ ይያዝ።

እንዲህ ስንል ማኅበራዊ ሚዲያውን ጣሉት ማለታችን አይደለም። የፎንቆን ድምፅ ከባሕር ማዶ ያደረሰው እርሱ ነውና ውለታው አይካድም። የራስ ድረ ገጽ ብቻውን መንገደኛ የማያልፍበት ቤት ነው፤ እንግዳ የሚገኘው ከገበያ ነው። ነገር ግን ገበያ የተገናኙትን ወዳጅ ስሙን ጠይቆ፥ ቤቱን አሳይቶ መሸኘት የባለሥራው ፈንታ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፥ ይህን ሁሉ ማድረግ የሚገባው ገጹ ተከፍቶ ሳለ ነው፤ ከተዘጋ በኋላ ተከታዮቹን ለመጥራት ድምፅ አይገኝምና።

በዚህ ሳምንት ከመቀርጸ ድምፁም ሆነ ከሥዕሉ አንዱን ዋና ቅጂ በማስቀመጥ ጀምሩ። በሚመጣው ሳምንት እስክንገናኝ ጤና ይስጥልን።