የሰሊጥ ወቅትና የበጀት ዓመት

(በተመራቂዎች ማኅበር የመገናኘት በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



ቅድም በሻይ ሰዓት አንድ የድሮ ጓደኛችን «አሁን ምን ላይ ነሽ?» አለኝ። «ለመምህራን የምርምር ገንዘብ የሚያፈላልግና የሚያስተዳድር ጽሕፈት ቤት እመራለሁ» አልኩት። «እና ሕክምናውን ተውሽው በለኛ!» አለ። አልተውኩትም፤ በሳምንት አንድ ቀን ተመላላሽ ክፍል አለሁ። የቀረውን ቀን ግን ፕሮፎርማና የውሎ አበል ዝርዝር ሳገላብጥ ነው የምውለው። ዛሬ የማወራው ስለዚሁ ነው፤ የማይጥም ርእስ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ታገሡኝ። የምሠራበትን ዩኒቨርሲቲ ስም አላነሣም፣ ችግሩ የብዙዎቻችን ነውና።

በ1999 ዓ.ም. የተመረቅን ሰዎች ጎንደር ላይ ኢንተርን ሳለን የነበረውን የካላ አዛር ክፍል አንረሳውም። ጣፊያቸው እስከ እምብርታቸው የወረደ፣ ሥጋቸው ያለቀ ወጣት ወንዶች። ብዙዎቹ የደጋ ልጆች ነበሩ፤ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማ፣ ወደ ቋራ፣ ወደ አብደራፊ ወርደው፣ በተሰነጠቀው ጥቁር አፈርና በግራሩ ሥር ሲያድሩ የአሸዋ ዝንብ የነደፋቸው። ያኔ የሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት መርፌ 30 ቀን ሙሉ ይወጉ ነበር። አንዱ በሃያኛው ቀን ገደማ «እታለም፣ የቀረውን መርፌ ቋጥረሽ ስጪኝና ልሂድ፤ እርሻው ላይ ያለችኝን ሒሳብ ካልተቀበልኩ ባለሀብቱ ይክደኛል» አለኝ። ሳቅኩ። በማግስቱ አልጋው ባዶ ነበር።

ያ 30 ቀን በኋላ ፓሮሞማይሲን ተጨምሮበት ወደ 17 ቀን ወረደ። ይህ የሆነው በ2003 እ.ኤ.አ. ካርቱም ላይ በተመሠረተው የምሥራቅ አፍሪካ የሊሽማንያሲስ መድረክ ሥር የእኛ፣ የሱዳን፣ የኬንያና የኡጋንዳ ሐኪሞች አብረው ባጠኑት ጥናት ነው፤ ጎንደርም አንዱ ጣቢያ ነበረች። ካላ አዛርና ኤችአይቪ አብረው ላሉበት ሰው ሁለት መድኃኒት አጣምሮ መስጠት እንደሚሻልም ጎንደርና አብደራፊ ላይ ተጠንቶ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. መመሪያው ውስጥ አስገብቶታል። እነዚህን ስናነሣ የሐኪሞቹን ስም እንጠራለን፤ ተገቢም ነው። መርፌው በሰዓቱ እንዲገዛ፣ መኪናው በሰዓቱ እንዲወጣ ያደረገውን የሒሳብ ሠራተኛ ግን ማንም አያስታውሰውም። እኔም ወንበሩ ላይ እስክቀመጥ ድረስ አላስታወስኩትም።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ።

የዛሬ ሦስት ዓመት አንድ ወጣት መምህር ጥሩ ሐሳብ ይዞ መጣ። የቀን ሠራተኞቹን ሁለት ጊዜ ሊመረምር ነው፦ ለአረም ሲወርዱ አንዴ፣ ከአጨዳ በኋላ ወደ አገራቸው ሳይበተኑ ደግሞ አንዴ። ስንቱ ቆላ ላይ ሳለ በበሽታው እንደሚያዝ ለማወቅ። ጥናቱ ገንዘብ ተፈቀደለት። እኔ ግን መለስኩበት። ለምን? የመንገድ መሪዎቹ የውሎ አበል ዝርዝር ላይ የመታወቂያ ቁጥር ስላልነበረ። ሁለት ሳምንት ሄደ። ቀጥሎ ፈጣን መመርመሪያ ኪቱን የሚያቀርብ ያገኘነው አንድ ነጋዴ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ግዥ ክፍሉ ሦስት ፕሮፎርማ ካልመጣ አለ። መስከረም አለፈ፣ ጥቅምት አለፈ። መኪናው የወጣው ኅዳር መጨረሻ ነው። ከገንዳ ውኃ ደወለልኝና «ዶክተር፣ ማሳው ላይ ያለው ገለባ ብቻ ነው» አለኝ።

ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ ያልተሠራበት ገንዘብ ተመላሽ ሆነ። በሪፖርቱ ላይ ከስሙ አንጻር «የአፈጻጸም ድክመት» ተብሎ ተጻፈ። የጻፍኩት እኔ ነኝ።

በዚያው ዓመት የካቲት ላይ ተመላላሽ ክፍሌ አንድ ልጅ መጣ። ከመተማ ከተመለሰ ወራት አልፈውታል፤ ትኩሳቱ ወባ ነው እየተባለ መድኃኒት ሲቀያየርለት ከርሟል። ሊቦ ከምከም ላይ በ1997 ዓ.ም. የደረሰውን የምታስታውሱ ታውቁታላችሁ፤ ያም ወረርሽኝ መጀመሪያ መድኃኒት የተላመደ ወባ ነበር የተባለው። የልጁን ሆድ ስዳስስ ጣፊያውን አገኘሁት። የት እርሻ እንደዋለ ጠየቅኩት። ሊጠና ከነበረው ቦታ ነው። ጥናቱ ቢካሄድ ኖሮ ይህ ልጅ አይታመምም ነበር አልላችሁም፤ ምናልባት ቀድሞ ይመረመር ነበር።

ያን ቀን ወደ ቢሮዬ ተመልሼ ግድግዳው ላይ ሁለት የቀን መቁጠሪያ ጎን ለጎን ሰቀልኩ። አንዱ የበጀት ዓመቱ ነው፣ ከሐምሌ 1 የሚጀምረው። ሌላው የቆላው፦ አረም፣ አጨዳ፣ መንገድ የሚጨቀይበት ክረምት፣ አፈሩ የሚሰነጠቅበት በጋ። የውጭ ረጂዎቹ ደግሞ ጥር ላይ የሚጀምር የራሳቸው ዓመት አላቸው፤ ሦስተኛ ልሰቅል ብዬ ቦታ አጣሁ።

የለወጥነው ብዙ አይደለም። የመስክ ዕቃ ግዥ ከሐምሌ ወደ ሚያዝያ መጣ። የጎደለ ሰነድ ያለበት ማመልከቻ አይመለስም፤ ጉድለቱ በስልክ ተጠይቆ ይሟላል። ኦዲተሩን በጠላትነት አትዩት፤ ከአንድ አቅራቢ በቀጥታ መግዛት የሚቻልበት ሁኔታ በግዥ ሕጉ ውስጥ እንዳለ ያሳየኝ እሱ ነው። እኔ አንብቤው አላውቅም ነበር።

ገንዘብ የለም ይባላል። ጥቂት ነው፣ እውነት ነው። ግን ያለውም ቢሆን ወቅቱ ካለፈ በኋላ ሲደርስ አይቻለሁ። በውጭ አገር ሆናችሁ የምርምር ማመልከቻ የምትገመግሙ ጓደኞቼ አንድ ነገር ልለምናችሁ፦ ከዚህ አካባቢ የጊዜ ማራዘሚያ ሲጠየቃችሁ ስድስት ወር አትስጡ። ሰሊጥ በዓመት አንዴ ነው የሚታጨደው፤ አንድ ወቅት ያመለጠው ሰው የሚያስፈልገው አሥራ ሁለት ወር ነው።

ያ መምህር ዘንድሮ እንደገና አመልክቶ አግኝቷል። በእሱ ላይ የጻፍኩትንም በደብዳቤ አስተካክያለሁ፤ ዘግይቼ ነው። ኪቱ ገብቷል፣ የውሎ አበሉ ዝርዝር ተፈርሟል፣ መኪናው ነዳጅ ሞልቶ ግቢ ውስጥ ቆሟል። በእኛ በኩል የቀረ ወረቀት የለም። አሁን የሚጠብቀው መንገዱ ሰላም እስኪሆን ነው፤ ጧት ጧት ይደውልልኛል።