የሰፎክ አውራጃ የቀድሞ ወፍጮዎችና መዛግብታቸው



በምሥራቅ እንግሊዝ፣ በሰሜን ባሕር ዳርቻ የሚገኘው የሰፎክ አውራጃ እህል አብቃይ ሜዳ ነው። ከባሕር የሚነሣውን ነፋስ የሚያግድ ተራራ የለበትም፤ ወንዞቹም ዝግ ብለው የሚፈሱ ናቸው። ስለዚህ አገሩ ለብዙ መቶ ዓመታት እህሉን ሲፈጭ የኖረው በውሃም በነፋስም፣ በአንዳንድ ስፍራም በባሕር ሙላት ነበር። ከወፍጮዎቹ አብዛኞቹ ፈርሰዋል፤ ዛሬ የሚታወቁት በመዛግብት ነው። የዚህ ንግግር ርእስ እነዚህ መዛግብት የሚናገሩትና የሚዘሉት ነገር ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉ የሚቀድመው ትልቅ መዝገብ ቀዳማዊ ዊልያም በ1086 ያስጻፈው ዱምስዴይ የተባለው የርስትና የገቢ መዝገብ ነው። በመላው አገር ከ5,500 የሚበልጡ ወፍጮዎች በዚህ መዝገብ ተቈጥረዋል። ስለ ነፋስ ወፍጮ አንድም ቃል የለም። ጸሐፊዎቹ የጠየቁት ወፍጮው የማን እንደሆነና ስንት እንደሚያስገባ ነው እንጂ እንዴት እንደሚዞር አልነበረም። ስለዚህም በመዝገቡ ውስጥ ግማሽ ወፍጮ፣ ሲሶ ወፍጮ የሚል ይገኛል፤ ይኸውም የገቢ ድርሻ ማለት ነው። ሰፎክ የተመዘገበበት ክፍል ግን ከሌላው ይልቅ ዝርዝር ያለው ሲሆን፣ ቀድሞ የነበረውንና በምዝገባው ጊዜ የተገኘውን አነጻጽሮ ያሳያል። ሁለት የነበረው አንድ ሲሆን፣ ያልነበረውም ሲጨመር፣ በ20 ዓመት ውስጥ የአንድ መንደር መክሳትና መፋፋት ከዚያ ላይ ይነበባል።

የነፋስ ወፍጮ በአውራጃው ታሪክ ውስጥ በጥሩ ሁኔታ ተጽፎ የተገኘው በጠብ ምክንያት ነው። በ1191 ኸርበርት የሚባል የካህናት አለቃ በቤሪ ሰይንት ኤድመንድስ የነፋስ ወፍጮ አቆመ። ከተማዪቱ የታላቁ ገዳም ርስት ነበረች፤ ከወፍጮ የሚገኘውም ገቢ የገዳሙ ነበር። አበምኔቱ ሳምሶን ነገሩን በሰሙ ጊዜ መብላትና መናገር እስኪያቅታቸው ድረስ ተቈጡ፤ በማግሥቱም ከቅዳሴ በኋላ አናጢዎች ሄደው እንዲያፈርሱት አዘዙ። ኸርበርት ቀርቦ በገዛ ርስቱ ላይ እንደሠራው፣ የሚፈጭበትም የራሱን እህል ብቻ እንደሆነ፣ ነፋስም ለማንም ሊከለከል የማይገባ ነጻ ሀብት እንደሆነ ተከራከረ። አበምኔቱ ግን የከተማው ሕዝብ ወደዚያ መጕረፉ እንደማይቀር አውቀዋልና አልተቀበሉትም። በመጨረሻ ኸርበርት ወፍጮውን በራሱ አሽከሮች አስፈረሰው፤ የገዳሙ ሰዎች ሲደርሱ የሚያፈርሱት አላገኙም። ይህን የጻፈው የገዳሙ መነኵሴ ጆስሊን ዘብሬክሎንድ ነው። ስለ አበምኔቱ ቍጣ ይህን ያህል የተረከ ሰው፣ ስለ ወፍጮው አሠራር አንድ መስመር አለመጨመሩ መሐንዲስ የሆነውን አንባቢ ያሳዝነዋል።

ከዚያ በኋላ ያሉት መዛግብት ብዙ ዐይነት ናቸው፤ የርስት ሰነድ፣ የኑዛዜ ጽሑፍ፣ የእሳት መድን ውል፣ የአሥራት ካርታ፣ የጋዜጣ የሽያጭ ማስታወቂያ። ጆሴፍ ሆድስኪንሰን በ1783 ያሳተመው የሰፎክ ካርታ የነፋስ ወፍጮዎችን በትንንሽ ሥዕል ያመለክታል። ይሁን እንጂ ቈጣሪው መጠንቀቅ አለበት። የጥንቱ የነፋስ ወፍጮ ቤት በሙሉ ከእንጨት ተሠርቶ በአንድ ወፍራም ምሰሶ ላይ የሚዞር ስለነበረ፣ ባለቤቱ ሲፈልግ ነቅሎ ወደ ሌላ መንደር ሊያዛውረው ይችል ነበር። በሰሴክስ አውራጃ በብራይተን ከተማ በ1797 አንዱ ወፍጮ በ86 በሬዎች ተጐትቷል። ስለዚህ ሁለት ካርታዎች በሁለት ስፍራ የሚያሳዩት ወፍጮ አንድና ያው ሊሆን ይችላል።

በአሠራር በኩል ትልቁን ለውጥ ያመጡት ሁለት ፈጠራዎች ናቸው። ኤድመንድ ሊ በ1745 የፈጠራ መብት ያገኘበት ትንሽ የጅራት መዘውር ወፍጮውን ያለ ሰው እጅ ወደ ነፋሱ ያዞረዋል። ዊልያም ኪዩቢት በ1807 ያስመዘገበው ክንፍ ደግሞ እንደ መስኮት መዝጊያ የሚከፈቱና የሚዘጉ ጠፍጣፋ ክፍሎች ያሉት ሲሆን፣ ባለወፍጮው ክንፎቹን ሳያቆም በአንድ ክብደት ይቈጣጠራቸዋል። ኪዩቢት በኋላ በሰፎክ ዋና ከተማ በኢፕስዊች ከእርሻ መሣሪያ ሠሪዎች ጋር ሠርቷል። እነዚህ ሁለቱ በጽሑፍ የቀሩት የመንግሥት የፈጠራ መብት ስለተሰጠባቸው ነው። የመንደሩ የወፍጮ አናጢ ግን የጥርሱን ቍጥርና የዘንጉን ልክ በአእምሮው ይዞ ይሠራ ነበር፤ ሲሞትም ዕውቀቱ አብሮት ይቀበር ነበር።

ከ1880ዎቹ ጀምሮ የብረት መዳመጫ ያላቸው ፋብሪካዎች ሥራውን ሲወስዱ፣ የቀረውን ለመመዝገብ የነበረው ጊዜ አጭር ነበር። መሐንዲሱ ሬክስ ዌይልስ በዚህ ጊዜ ተነሥቶ በሰፎክ የቀሩትን የነፋስ ወፍጮዎች ዞሮ አጥንቶ፣ ፎቶግራፍ አንሥቶ፣ ውጤቱን በ1940ዎቹ መጀመሪያ ለኒውከመን ማኅበር አቀረበ። በአውራጃው መዛግብት ውስጥ ለባለሙያ ከሁሉ የሚጠቅመው ይህ ነው። በሳክስቴድ ግሪን በ1287 ወፍጮ እንደነበረ ሰነድ ይመሰክራል፤ የዛሬው ግን ከ18ኛው መቶ ዓመት ወዲህ የተሠራና ደጋግሞ ከፍ የተደረገ ነው። በ1947 የመጨረሻው ባለወፍጮ ሲሞት ሥራው ቆመ፤ በ1951 መንግሥት ተረከበው።

በውድብሪጅ ከተማ ያለው የባሕር ሙላት ወፍጮ የተለየ ዕድል ገጥሞታል። መጀመሪያ የተጠቀሰው በ1170 ነው፤ አሁን የቆመው ቤት የ1793 ሥራ ነው። ባሕሩ ሲሞላ ውሃው ወደ ኩሬ ይገባል፤ ሲጐድል ተለቆ መንኮራኵሩን ያዞራል። ስለዚህም ባለወፍጮው የሚነቃው በፀሐይ ሳይሆን በባሕሩ ሰዓት ነበር። በ1957 የመንኮራኵሩ የእንጨት ዘንግ ሲሰበር ሥራው ተቋረጠ። ቤቱ ታድሶ በ1973 ለሕዝብ ተከፈተ፤ በ2011 አዲስ መንኮራኵር ከተተከለለት በኋላም እንደገና ዱቄት ያወጣል። 2.8 ሄክታር ያህል የነበረው የጥንቱ ኩሬ ግን ቀደም ብሎ የመዝናኛ ጀልባዎች ማቆሚያ ሆኗልና፣ አዲሱ መንኮራኵር የሚዞረው 0.2 ሄክታር በምትሆን ትንሽ ኩሬ ውሃ ነው።