በጥያቄና መልሱ የሳትነው



ባለፈው ወር በስብሰባችን ላይ ስለ ሰውነታችንና ስለ ጤና አጠባበቅ የጥያቄና መልስ ውድድር ማድረጋችን ይታወሳል። በትክክል መልሰው ሳሙና ለተሸለሙት አጨብጭበንላቸዋል። ዛሬ የምንናገረው ግን ስለ ሳትናቸው ጥያቄዎች ነው።

በአዋቂ ሰው አካል ውስጥ ስንት አጥንት አለ ሲባል፣ ከልጇ ደብተር ያየች አባላችን «206» ብላ መለሰች። ጉበት በቀኝ ጎን መሆኑንም ብዙዎቻችን አወቅን። እነዚህን ብንስታቸው ኖሮ ግን በቤታችን የሚጎዳ ሰው አልነበረም።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ አሳቀን። ባቄላ በመሐል ሜዳ ከመርሐቤቴ ቆላ ይልቅ ዘግይቶ የሚበስለው ለምንድን ነው? አንዳችን በማገዶው፣ ሌላችን በባቄላው አሳበብን። ምክንያቱ ግን የአገሩ ከፍታ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ውሃ በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ90 ገደማ ይፈላል። ቢንተከተክም እንደ ቆላው አይግልም። ይህን ማወቅ ለመጠጥ ውሃም ይጠቅመናል፤ በደጋ ውሃው ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ ያህል እሳት ላይ ማቆየት ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ ግን የሚያስቅ አልነበረም። ሕፃን ተቅማጥ ሲይዘው የሚጠጣውን እንጨምርለት ወይስ እንቀንስለት? አንዲት እናት ተነሥታ «እንቀንስለታለን እንጂ፤ የጠጣው ሁሉ እየወጣ ምን ያደርግለታል?» አለች። ሳቅንባት። ከስብሰባው በኋላ እርስ በርሳችን ስንጠያየቅ ግን፣ ከሳቅነው መካከል እንደ እርሷ የምናስብ ብዙዎች ነበርን። እርሷ ተናገረችው፤ እኛ ደበቅነው።

እውነቱ ይህ ነው። ተቅማጥ ሕፃኑን የሚገድለው በአብዛኛው ከሰውነቱ ውሃና ጨው አሟጦ ስለሚያወጣ ነው። ስለዚህ የወጣውን መተካት ያስፈልጋል። ከጤና ኬላ የሚሰጠውን ሕይወት አድን ንጥረ ነገር፣ ማለትም ኦ አር ኤስ፣ አንዱን ፓኬት ፈልቶ በቀዘቀዘ 1 ሊትር ውሃ በጥብጠን ቶሎ ቶሎ በትንሽ በትንሹ እናጠጣዋለን። ስኳሩና ጨው አብረው ሲሆኑ አንጀቱ ውሃውን ወደ ሰውነት እንዲስብ ያግዙታል። የተበጠበጠው 24 ሰዓት ካለፈው ይደፋል። ጡት አይቋረጥም። ዚንክ ከታዘዘለትም ተቅማጡ ቢቆም እንኳ እስከ ታዘዘለት ቀን ድረስ ይውሰድ። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ መጠጣት ካቃተው፣ ከፈዘዘ ወይም ደም ከቀላቀለ ግን ሳንውል ሳናድር ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው።

የእንገሩም ጥያቄ እንዲሁ ነበር። ሁላችንም በአንድ ድምፅ «እንገር ለሕፃኑ ይሰጣል» አልን። በየቤታችን ግን አራስ ስንጠይቅ «ቢጫው ይታለብና ይደፋ፤ ቅቤ ይቅመስ» የምንል አለን። እንገር ሕፃኑን ከበሽታ የሚከላከል ነገር በብዛት የያዘ የመጀመሪያው ወተት ነው። በተወለደ በ1 ሰዓት ውስጥ ጡት ይያዝ፤ እስከ 6 ወር ድረስም ከጡት በቀር ውሃም ቢሆን አያስፈልገውም።

እህቶቻችን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር በ16 ፓኬጆች ተከፍሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጤና ኤክስቴንሽኖቹ በየደጃችን እየመጡ አስተምረውናል። እኛም ራሳችንን እየነቀነቅን ሰምተናል። ራሳችንን እየነቀነቅን በልባችን የያዝነውን ግን ማንም ሊያርምልን አይችልም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ አለማወቅም እንዲሁ ነው። የዚያች እናት ስህተት በተናገረችበት ቀን ታረመ። የእኛ ግን ተደብቆ ቢቀር ኖሮ ከልጆቻችን አፍ ላይ ውሃ የሚነጥቅ ይሆን ነበር።

ስለዚህ ሁለት ነገር እንስማማ። በሚቀጥለው ውድድር ሳሙናው ትክክል ለመለሰችው ብቻ ሳይሆን፣ በቤቷ የምታደርገውን ሳትደብቅ ለተናገረችውም ይሰጥ። ሁለተኛ፣ አማቶቻችንንና እናቶቻችንን ይዘን እንምጣ፤ በአራስ ቤት ውሳኔው የእነርሱ ነውና፣ ያለ እነርሱ የተማርነው ደጃፍ ላይ ይቀራል።

ያቺ እናት ዛሬም ከመካከላችን ተቀምጣለች። ስለ ሳቃችን ይቅርታ እንጠይቃታለን፤ ስለ መልሷም እናመሰግናታለን።