የጓደኛዬ ስለት
(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



«ስለ ጉዞህ ንገረን» ስትሉኝ መጀመሪያ እምቢ ብዬ ነበር። ከእኛ ልጆች አገር ቤት የሚሄድ ላሊበላን ወይም አክሱምን ተሳልሞ ይመጣል። እኔ የሄድኩት ግን ዓሣ ላጠምድ ነው። ዓሣ በጾም ይበላል፣ አይበላም የሚለውን ክርክር ደግሞ አባቶች ፊት ቆሜ አልከፍተውም፤ አደራ፣ በጥያቄ ሰዓትም አታንሡብኝ።

እንደምታውቁት ያደግኩት እዚሁ፣ በኢትዮጵያ ጎዳናና በዴር ሡልጣን መካከል ስመላለስ ነው። ድንጋይ አውቃለሁ፣ ውኃ አላውቅም። የተማርኩበት ትምህርት ቤት በሁለት ቋንቋ፣ በዕብራይስጥና በዓረብኛ የሚያስተምር ነበር። አማርኛዬ የእናቴና የዴር ሡልጣን ግቢ ነው፤ ስለዚህ ብሳሳት እነሱን ጠይቁ። አብሮኝ የተማረው ጓደኛዬ ደግሞ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ዘንግ ይዞ ያደገ ልጅ ነው። እዚያ የሚያዘው ሙሽት የሚባለው ዓሣ የእኛው የቆሮሶ ዘመድ ነው። እሱ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ የሚመኘው ናይል ፐርችን ነበር፤ እስከ 200 ኪሎ የሚደርሰውን። «አገርህ አለ፣ ውሰደኝ» እያለ ሁለት ዓመት ነዘነዘኝ። ባለፈው ጥር፣ ጥምቀትን አዲስ አበባ ካከበርን በኋላ፣ ወደ አርባ ምንጭ ወረድን።

ከከተማው ሥር ያለውን ደን ላላያችሁት መንገር ይከብዳል። ምንጮቹ ከገደሉ ግርጌ ይፈልቃሉ፤ የከተማዋም ስም ከነሱ ነው። ዛፎቹ የሚጠጡት የዝናብ ውኃ ብቻ ሳይሆን ከመሬት በታች ያለውን ስለሆነ በበጋውም አረንጓዴ ናቸው። ሾላው ሽቅብ የሚያልቅ አይመስልም። ጉሬዛ ከላይ ይዘላል፣ ልብስህ ከጀርባህ ይጣበቃል። ኩልፎ ወንዝ ያንን ደን አቋርጦ ጫሞ ሐይቅ ይገባል። ጫሞ ከጥብርያዶስ ባሕር በእጥፍ ያህል ይሰፋል። ዛሬ ከዓባይ ጋር አይገናኝም፤ ግን የዓባይ ዓሣ አለበት። ሊቃውንቱ ድሮ ውኃዎቹ ይገናኙ እንደነበር የሚያውቁት አንዱ በዚህ ነው።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀልባ ላይ ነበርን፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሐይቁን ስለሚያናውጠው ማልዶ መውጣት ግድ ነው። ጀልባውን የሚነዱት ጋሼ (ስማቸውን ልተወው) ዕድሜያቸውን በሙሉ በመረብ ሲያጠምዱ የኖሩ ሰው ናቸው። የአዞ ገበያ በሚባለው ዳርቻ በኩል ስናልፍ ጓደኛዬ እጁን ከውኃው አወጣ፤ ማንም ሳይነግረው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጀልባው ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ ከኋላው ዓሣ መስሎ የተሠራ ማታለያ በክር ይጎተታል። ናይል ፐርች ዓሣ በል ነውና የቆሰለ ትንሽ ዓሣ መስሎት ይጎርሰዋል። የመጀመሪያው ቀን ምንም የለም። ፀሐይ ብቻ። በሁለተኛው ቀን ሦስት ሰዓት ላይ ዘንጉ እንደ ቀስት ጎበጠ። ዓሣው ከውኃ ብድግ ብሎ ራሱን አራገፈ፣ እኔም ጮኽኩ፣ ምን ብዬ እንደሆነ አላስታውስም። ሃያ ደቂቃ ያህል ከተጓተቱ በኋላ ከጀልባው ጎን መጣ። ጋሼ አይተው «ከሠላሳ ኪሎ አያንስም» አሉና መንጠልጠያውን አነሡ።

ጓደኛዬ «አይሆንም! ፎቶ ተነሥተን እንለቀዋለን» አለ።

ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። «ምን አለ?»

«ይለቀቅ ነው የሚለው።»

«ካልበላው ታዲያ ለምን አሠቃየው?»

ጥያቄውን በዕብራይስጥ አስተላለፍኩ። ጓደኛዬ ዓሣውን በሁለት እጁ ውኃ ውስጥ እንደያዘ «ለስፖርት ነው በላቸው» አለኝ። አስቡት እንግዲህ። በአማርኛ ስፖርት ኳስ ነው፣ ሩጫ ነው። ለሳምንት የቤተሰብ ቀለብ የሚሆን ዓሣ አፉን በብረት ወግቶ መልቀቅ ስፖርት ነው ብዬ እኚህን ሰው እንዴት ልመልስላቸው? አፈርኩ። አፌ ላይ የመጣውን አልኩ፤ «ስለት አለበት፣ ጋሼ።»

«እህ! ስለት ከሆነማ...» ብለው መንጠልጠያውን አስቀመጡ። ባርኔጣቸውንም አወለቁ።

ዓሣው ቶሎ አልሄደም። ጓደኛዬ ከጅራቱ በላይ ይዞ ቀስ እያለ ውኃው በስንጥቡ እንዲያልፍ ሲያደርግ፣ ጋሼ አዞ እንዳይመጣ ዙሪያውን ይጠብቁ ነበር። በመጨረሻ አንዴ ተወራጨና ወደ ታች ወረደ። ይትረፍ፣ አይትረፍ እኔ አላውቅም። ጓደኛዬ ተርፏል ብሎ ይምላል።

ወደ ዳር ስንመለስ ጋሼ «ይህን የሚያክለው እናት ናት» አሉኝ። «እኔ ልጅ ሳለሁ እንዲህ ያለ ብዙ ነበር። አሁን የመረቡ ዓይን ጠበበና ሳትወልድ እንይዛታለን። እኔም ይዣለሁ፤ ልጆች አሉኝ። ስለቱ ባይኖርም ብትለቋት አልከፋም ነበር።»

ያን ጊዜ ነው ውስጤ የተቃጠለው። እውነቱን ብተረጉም ኖሮ ሁለቱ ሰዎች ይግባቡ ነበር። ሰውዬው አይገባቸውም ብዬ የወሰንኩት እኔ ነኝ። ከተመለስኩ በኋላ ሳነብ ያሉት ሁሉ ልክ ነው፤ ትልልቆቹ በብዛት ሴቶች ናቸው፣ ዕንቁላላቸው በሚሊዮን ይቆጠራል፣ በጫሞም ቁጥራቸው ከቀድሞው እጅግ ቀንሷል።

ሌላም ነገር አለ። እዚህ ሱፐርማርኬት በረዶ ቤት ውስጥ «ነሲኻት ሃኒሉስ»፣ የዓባይ ልዕልት የሚባለውን ዓሣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ እናቴ በርበሬ ነስንሳ የምትጠብሰው። ናይል ፐርች እሱ ነው። ለገበያ በብዛት የሚወጣው ከቪክቶሪያ ሐይቅ ነው። እዚያ ግን በ1950ዎቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ሰው ያስገባው እንግዳ ነው፤ ብዙ የአገሬውን ትናንሽ ዓሣዎች በልቶ ጨርሷል። ባዕድ በሆነበት ሐይቅ ተትረፍርፎ እኛ ሳህን ደረሰ፣ በገዛ ቤቱ በጫሞ ግን እያለቀ ነው። ያን ሁሉ ዘመን ስበላው ስሙን እንኳ አልጠየቅኩም።

ጓደኛዬ ለመጪው ጥር እንደገና እንሂድ እያለ ነው። ከእናንተም መሄድ የሚፈልግ ካለ ሰፊ ባርኔጣ፣ የወባ መድኃኒት፣ ለጋሼም ከዚህ የመቁጠሪያ ስጦታ ይያዝ።

ጋሼ ባለፈው ሳምንት ደውለው ነበር። ስለ እናቴ ጤና፣ ስለ ብርዱ ጠየቁኝና፣ «የዚያ ልጅ ስለት ደረሰለት ወይ?» አሉኝ። ትንሽ ዝም አልኩ። መስመሩ የተቋረጠ መስሏቸው «ሃሎ? ሃሎ?» ይሉ ነበር።