ቆሞ የሚሠራ ሞተር መኪናንም ሰውንም ይጎዳል

በጨፋ ሮቢት በሰፈራችን ነዋሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ በማኅበሩ ጸሐፊ የተደረገ ንግግር



የዛሬው ዋና አጀንዳችን የቦይ ጠረጋ መሆኑ ይታወቃል። ወደዚያ ከመግባታችን በፊት ግን ስለ አንድ ጉዳይ ጥቂት ደቂቃ እንድትሰጡን እንለምናለን። ጉዳዩ ሞተር አስነስቶ መኪናን ሳይነዱ ማቆየት፣ ሾፌሮች «ሚኒሞ ላይ መተው» የሚሉት ነው። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ እኛም ትንሽ መስሎን ነበር።

ሁላችሁም እንደምታውቁት በሰፈራችን የዱሮ ቮልስ ያላቸው አንድ አባት አሉ። እሳቸውም እዚሁ ተቀምጠዋል፤ ለሌላው ትምህርት ይሁን ብለው ይህን እንድንናገር ፈቅደውልናል። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ መንዳቱን ትተዋል። ቢሆንም «መኪና ካልተነሳች ትሞታለች» በማለት በየጧቱ ያስነሷታል። ግማሽ ሰዓት ያህል ግቢ ውስጥ ቆማ ትሠራለች፤ እሳቸው በርጩማቸው ላይ ሆነው ቡናቸውን ይጠጣሉ። ከመኪናዋ በስተኋላ ደግሞ አንዲት አራስ የተከራየችው ክፍል አለ። የቮልስ ጭስ መውጫው በኋላ ስለሆነ ጭሱ በቀጥታ ወደ መስኮቷ ነው የሚሄደው።

አራሷን ጧት ጧት ራሷን ያማት፣ ያቅለሸልሻት ነበር። ምች ነው ተባለና ዳማከሴ ታሸላት። ሕፃኑም እንቅልፍ አበዛ። እናቷ ቤት ሄዳ አንድ ሳምንት ስትቆይ ግን ሕመሙ ለቀቃት፤ ስትመለስ አብሮ ተመለሰ። ያን ጊዜ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መጥታ መስኮቱንና መኪናዋን አየችና ምክንያቱን ነገረችን።

ከሞተር ጭስ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዝ አለ። አይታይም፣ አይሸትም። ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 እጥፍ በላይ ደማችንን አጥብቆ ይይዛል። በተዘጋ ቤት ውስጥ ከሰል አንድደው ተኝተው በዚያው የሚቀሩትን ሰዎች ታሪክ ሁላችንም ሰምተናል፤ እነሱን የሚገድላቸው ይኸው ነው። አዳዲስ የቤንዚን መኪናዎች መርዙን የሚቀንስ ዕቃ ከጭስ መውጫቸው ላይ ተገጥሞላቸዋል፤ የዱሮዎቹ የላቸውም።

ነገሩን ለአባታችን መንገር ከበደን። መኪናዋን ከልጅ ለይተው አያዩዋትም። ስለዚህ አስቀድመን ኮምቦልቻ ሄደን የዱሮ መኪና የሚያውቁ መካኒኮችን «በየጧቱ ማስነሳቱ እውነት ይጠቅማታል ወይ?» ብለን ጠየቅን። መልሱ አስገረመን። ይጎዳታል እንጂ አይጠቅማትም አሉ። እኛ መካኒክ ባንሆንም እንደገባን እንናገራለን።

አንደኛ፣ ሞተር ሲቀዘቅዝ ቤንዚን ያበዛል። ያልተቃጠለው ቤንዚን የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት ያጥባል፤ በፋሻው በኩል ወርዶም ዘይቱን ያቀጥነዋል። ዘይት ከቀጠነ ብረት ብረትን ይበላል።

ሁለተኛ፣ ካንዴላው ጥላሸት ይይዛል። በሚኒሞ ብቻ የምትሠራ መኪና ካንዴላዋ ስለማይግል ጥላሸቱን አቃጥላ ማስወገድ አትችልም።

ሦስተኛ፣ 1 ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 1 ሊትር ያህል ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። መኪናዋ ስትነዳ ማርሚታው ስለሚግል እንፋሎቱ ይበናል። ግማሽ ሰዓት ቆማ ስትጠፋ ግን ከፊሉ እዚያው ውሃ ሆኖ ይቀርና ማርሚታውን ከውስጥ ያዝገዋል።

አራተኛ፣ የዱሮ ቮልስ ዲናሞ በሚኒሞ በቂ ኃይል አይሰጥም። ስትነሳ ከባትሪው የወሰደችውን እንኳ አትመልስም። አባታችን «ባትሪዋን ላበርታ» ሲሉ እያደከሟት ነበር ማለት ነው።

አምስተኛ፣ ቮልስ ራዲያተር የላትም። ሞተሯን የሚያቀዘቅዘው በቺንጋ የሚዞር ማራገቢያ ነው። ሞተሩ ሲያዘግም ማራገቢያውም ያዘግማል። በጨፋ ፀሐይ ለረጅም ጊዜ ቆማ ከሠራች ደግሞ ሞተሯ ከልክ በላይ ይግላል።

ይህ የቮልስ ብቻ ችግር አይደለም። በ1948 እ.ኤ.አ. በፖርሽ ስም መሠራት የጀመሩት ፈጣን መኪናዎች መጀመሪያ የተገጣጠሙት በአብዛኛው በቮልስ ዕቃዎች ነው። ዛሬ በብዙ ገንዘብ የሚሸጡት እነዚያ የዱሮ መኪናዎችም አስነስተው ሲያቆሟቸው የሚጎዱት በዚሁ መንገድ ነው።

የቤንዚኑም ወጪ ቀላል አይደለም። ትንሽ ሞተር ቆሞ ሲሠራ በሰዓት ከግማሽ እስከ 1 ሊትር ገደማ ይጠጣል። በቀን ግማሽ ሰዓት ቢባል በወር ከ7 ተኩል እስከ 15 ሊትር መሆኑ ነው። ቤንዚኑ ደግሞ ከውጭ ተገዝቶ በጅቡቲ በኩል በቦቴ የሚመጣ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? መካኒኮቹ የነገሩን ይህን ነው። መኪናዋ በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት አንድ ቀን ትውጣ። ዘይቷ በደንብ እስኪሞቅ ቢያንስ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ መንገድ ላይ ትነዳ። ለብዙ ጊዜ የምትቆም ከሆነ ዘይቷ ይቀየር፣ የባትሪው ካቮ ይፈታ፣ ሞተሯም አይነካ።

ይህን ሁሉ ለአባታችን ስንነግራቸው ዝም ብለው አዳመጡን። በመጨረሻ «እኔ የማኖራት መስሎኝ ነበር» አሉ። ከዚያ ስለ መኪናዋ አንድም ነገር ሳይጠይቁ የሕፃኑን ደኅንነት ጠየቁ። እናቲቱም ሕፃኑም ጤና ጣቢያ ታይተው ዛሬ ደኅና ናቸው፤ አልሐምዱሊላህ።

አሁን መንጃ ፈቃድ ያለው አንድ የሰፈራችን ወጣት በየሳምንቱ አንድ ቀን ጧት ቮልሷን ወደ ከሚሴ መስመር ይነዳታል። አባታችን ከጎኑ ይቀመጣሉ፤ ማርሽ አለካክም እያረሙት ነው ይባላል።

ስለሆነም ማኅበራችን የሚከተለውን ያሳስባል። መኪናም ሆነ ባጃጅ ሞተሩ እየሠራ በግቢ ውስጥ፣ ከመኝታ ቤት መስኮት አጠገብ አይቁም። ሻይ ቤት በር ላይ የጭነት መኪና ቆሞ ሲያጨስ የምናይ ሁሉ ሾፌሩን በትሕትና «ጋሼ፣ እባክዎ ሞተሩን ያጥፉት» እንበል። መንገደኛ እንግዳችን ስለሆነ በቁጣ አይሁን። ራሱን የሚያዞረው፣ የሚያቅለሸልሸው ሰው ሲኖርም ምች ነው ብለን ከመተዋችን በፊት ከመስኮቱ ውጭ ምን እንዳለ እንይ። ቶሎ ወደ ንጹሕ አየር እናውጣው፤ ወደ ጤና ጣቢያም እናድርሰው።

 አሁን ወደ ቦዩ ጉዳይ እንግባ።