ስለ አንዲት የጀበና ሥዕል
(በትምህርት ቤታችን በዓል ቀን የተደረገ ንግግር)



ስለ አንዲት ሥዕል ጥቂት እናገራለሁ። ሥዕሏ ከደብተር ገጽ አትበልጥም፤ ቀለምም የላትም። በማቶት ላይ የተቀመጠች፥ በእርሳስ የተሣለች አንዲት ጀበና ናት።

አስቀድሜ ጥፋቴን ልናገር። ለበዓሉ ሥዕል ከመረጡት ተማሪዎች አንዱ እኔ ነበርሁ። ይህችን ባየሁ ጊዜ «ጀበናማ በየቤታችን አለ» ብዬ ወደ ጎን አደረግኋት፤ በቀለም ለደመቀው አንበሳ ግን እጄን አነሣሁ። ሣዩ ጓደኛችን አጠገቤ ቆሞ ይሰማ ነበር፤ አንዳችም አልመለሰልኝም።

በዚያው ቀን ማታ ቤታችን ቡና ተፈላ። የእናቴ ጀበና ከፊቴ ነበረችና፥ ጥላው በየት በኩል ይጠቁር ይሆን ብዬ ተመለከትሁ። በአሥራ ስምንት ዓመት ዕድሜዬ አንድ ቀን እንኳ አስተውዬ እንዳላየኋት ያን ጊዜ ገባኝ። እናቴ እዚህ ተቀምጣለች፤ ይቅርታዋን እለምናለሁ።

በማግሥቱ ሥዕሏን እንደገና አየሁ። ከሁሉ የጠቆረው ስፍራ እጀታው ከአንገቷ ጋር የሚገናኝበት ነው። በሆዷ ላይ የሚያበራው ነጭ ነጥብ ግን እርሳስ ያልነካው ባዶ ወረቀት ነው። የአፏ ጠርዝ ተሸርፏል፤ ሣዩ አልጠገነውም። እንፋሎትም አልጨመረም። ቢጨምር ብዙ ሰው ይወድለት ነበር፤ ነገር ግን ሲሥላት ባዶ ነበረች።

አንድ ነገር ደግሞ ደስ ይለኛል። የምንጽፍበት እርሳስ በስሙ እርሳስ ይባል እንጂ የእርሳስ ማዕድን የለበትም። ኒኮላ ዣክ ኮንቴ የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1795 የግራፋይትን ዱቄት ከሸክላ አፈር ጋር ለውሶ በእሳት ተኩሶ ሠራው፤ እስከ ዛሬም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ሸክላው ሲበዛ እርሳሱ ይጠነክራል፥ መስመሩም ይፈዝዛል። እንግዲህ ጀበናዪቱም የተሣለችበትም እርሳስ ሸክላ ኖሯቸው በእሳት ያለፉ ናቸው።

ጓደኞቼን ለምኜ ሥዕሏ እንድትሰቀል ተፈቀደ። ለሣዩ ሄጄ ስነግረው አላመሰገነኝም፤ «እጀታው ገና አልተስተካከለም» አለኝ።

አሁን ከቤተ መጻሕፍቱ በር በስተግራ፥ ከአንበሳው በታች ትገኛለች። ለማየት ዝቅ ማለት ያስፈልጋል። በጣታችሁ ግን አትንኳት፤ መስተዋት ስላልተደረገላት እርሳሱ ይለቃል።